አልጋዋ ያለበት ከተማ

ስሙን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ስፖንጅ ነበር የሚለው። ሶፋ ሠሪ በመሆኑና የስፖንጅ ብናኝ ከጸጉሩ፣ ከቅንድቡ፣ አንዳንዴም ከሻዩ ስለማይጠፋ የወጣለት ስም ነው። እሱም አልከፋውም። «ምስማር ከምትሉኝ ይሻላል» ይል ነበር። የእሱ ሶፋ መሥሪያና የእኔ ጫማ መጠገኛ አንድ የቆርቆሮ ግድግዳ ይጋራሉ። ስለዚህ አብዛኛውን በዓይኔ ያየሁት ነው፤ ያላየሁትን ደግሞ እሱ ራሱ ከግድግዳው ማዶ ሆኖ ነግሮኛል። ፊት ለፊት ሲሆን መናገር ያቅተው ነበር።

ሚጡ የእህቱ ልጅ ናት። እህቱ ስትሞት ልጅቷ የወተት ጥርሷን መቀየር እንኳ አልጀመረችም። አባቷ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ከቀብሩ በኋላ «እግሬን ልትከልና መጥቼ እወስዳታለሁ» ብሎ ወደ ሌላ ከተማ ሄደ፤ እዚያው አግብቶ ቀረ። ስፖንጅና ባለቤቱ ልጅ አልነበራቸውም። ሚጡ ከገባች ወዲህ ግን ልጅ የላቸውም ብሎ የሚያስብ ሰው አልነበረም። ወረቀት የጠየቃቸውም የለም። ትምህርት ቤት ሲያስመዘግባት «አባት ነህ?» አሉት፤ «አጎት ነኝ» አለ፤ «እሺ» ብለው መዘገቡ። ስትከተብም፣ ክንዷ ተሰብሮ በጀሶ ሲታሰርም እንደዚያው ነበር።

በስፖንጅ ክምር ላይ እየዘለለች፣ ከቁርጥራጭ ጨርቅ አሻንጉሊት እየሰፋች አደገች። ከፍ ስትል የትራሶቹን ቁልፍ ቀለም የምትመርጠው እሷ ሆነች፤ ደንበኞችም «ልጅቷ ትምረጥልን» ይሉ ጀመር። ለፍላፊና ሳቂታ ነበረች። ከግድግዳው ማዶ ሆና «ጋሽ ጫማ፣ ማስቲሽህ አሰከረን፣ ክዳኑን ግጠም» እያለች ነገር ትፈልገኝ ነበር።

አሥራ አምስት ዓመቷን ስታልፍ ዝም ማለት ጀመረች። እድሜው ነው አልን። ቀጥሎ እንቅልፍ እምቢ አላት፤ ከዚያ ምግቡ ቀረ። የስፖንጅ ባለቤት ትምህርት ቤት በር ላይ ደብተርና እስክርቢቶ የምትሸጥ ጠንካራ ሴት ናት፣ በትንሽ ነገር አትደነግጥም። እሷ እንኳ ልጅቷ ግድግዳው ላይ ጆሮዋን ለጥፋ ስታዳምጥ ደጋግማ ካገኘቻት በኋላ መፍራት ጀመረች። ምን እንደምትሰማ ስትጠይቃት «ዝም በዪ፣ ይሰሙሻል» ትላታለች።

አንድ ጠዋት ሚጡ የሶፋ መሥሪያውን ቁልፍ ይዛ ቀድማ ወጣች። እኔ ሱቄን ስከፍት የጨርቅ መቀደድ ድምፅ ሰማሁ፤ ስፖንጅ ሥራ ጀመረ ብዬ ዝም አልኩ። ቆይቶ እሱ ራሱ በመንገዱ ሲመጣ ሳየው ነው ልቤ ስንጥቅ ያለው። ተከታትለን ገባን። ለደንበኛ ሊወጣ የተዘጋጀ ባለ ሦስት ሶፋ ከጀርባው እስከ መቀመጫው ተተርትሯል። ሌሎቹም እንደዚያው። ወለሉ በነጭ ብናኝ ተሞልቶ ሚጡ መሃሉ ላይ ተቀምጣለች፤ የስፖንጅ መቁረጫውን ቢላዋ ይዛ፣ መዳፏ በሶፋዎቹ ሽቦ ተቆርጦ እየደማ።

«ታፍነው ነበር እኮ ጋሼ» አለችው። «አንተ ነህ የሰፋህባቸው። ሳታያቸው ነው አይደል?»

«አዎ፣ አላየኋቸውም» አለና አጠገቧ ቁጭ ብሎ ቢላዋውን ቀስ አድርጎ ከእጇ ወሰደ። እኔ መዳፏን በንጹህ ጨርቅ አሰርኩላት። እጇ እንደ በረዶ ቀዝቅዞ ነበር።

የእኛ ከተማ ሆስፒታል ለአእምሮ ሕሙማን ልጆች የሚሆን ክፍል የለውም። ወደ ጎረቤት ከተማ ላኳቸው። በአውቶቡስ ሦስት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ባልና ሚስት መሃላቸው አስቀምጠዋት ሄዱ፤ እሷ መንገዱን ሙሉ የመቀመጫውን ልባስ በጥፍሯ ስትፈትሽ ነበር። እዚያ ተቀበሏት። መስኮቶቹ ከአንድ መዳፍ በላይ የማይከፈቱ፣ መጋረጃው ገመድ የሌለው ክፍል ነው። የጫማዋን ማሰሪያ አውጥተው ለስፖንጅ ባለቤት ሰጧት። ያንን ይዛ ስትመጣ ለሚጡ ማሰሪያ የሌለው፣ በላስቲክ የሚጠለቅ ጫማ ሠራሁላት፤ ሌላ የምረዳው ነገር አልነበረኝም።

ሐኪሟ ገና ወጣት ሴት ናት፤ ከእንቅልፍ ጋር የተጣላች የምትመስል። ነገሩን አልሸፈነችባቸውም። በሽታው በጊዜ ከተያዘ ልጅቷ ብዙውን ነገሯን መልሳ ልታገኝ እንደምትችል፣ ሲቆይ ግን እየከበደ እንደሚሄድ ነገረቻቸው። ከዚያ ማህበራዊ ሠራተኛው ስፖንጅን ጠርቶ የሞግዚትነት ማስረጃውን ጠየቀው። የለኝም አለ፤ አባቷን የት እንደሚያገኙትም አያውቅም ነበር። ሰውየው እስክርቢቶውን አስቀመጠ። ሆስፒታሉ አካለ መጠን ያላደረሰች ልጅን በድንገተኛ ስም ለጥቂት ጊዜ ማቆየት ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ተኝታ እንድትቆይም፣ ሐኪሟ ያሰበችውን ጠንከር ያለ መድኃኒት እንድትጀምርም ወላጅ ወይም ሞግዚት መፈረም አለበት። ያ ካልሆነ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ያስፈልጋል። ስፖንጅ እስከዚያ ቀን ድረስ ፍርድ ቤት ደጃፍ ረግጦ አያውቅም።

በመጀመሪያ የሄደው በራሳችን ከተማ ወዳለው ነው። ዳኛው ትሑት ሰው ነበር አለኝ፤ አቤቱታውን እስከ መጨረሻው አዳምጦታል። ከዚያ ልጅቷ አሁን የት እንዳለች ጠየቀው። ስፖንጅም ሆስፒታል አለ። ሆስፒታሉ የት እንዳለ ጠየቀው፤ ነገረው። ዳኛው በጣም እያዘነ፣ ስለ ሕክምናዋ የመወሰን ሥልጣን ያለው እሷ ባለችበት ከተማ የሚገኘው ፍርድ ቤት መሆኑን፣ ሞግዚትነቱም ከሕክምናው ጋር ተያይዞ የመጣ በመሆኑ አብሮ እዚያው መታየት እንዳለበት ገለጸለት። መዝገቡ ተዘጋ።

ወደ ሁለተኛው፣ ሆስፒታሉ ባለበት ከተማ ወዳለው ፍርድ ቤት አብሬው ሄድኩ። ግድግዳው እስከ ግማሽ ድረስ በአረንጓዴ ቀለም የተቀባ ጠባብ ክፍል ነው፤ አግዳሚው ወንበር ሰው ሲነሳና ሲቀመጥ ያቃስታል። ዳኛዋ በእድሜ የገፋች ሴት ናት። ልጅቷን በዓይኔ ካላየሁ አልወስንም በማለቷ ሐኪሟና አንዲት ነርስ ሚጡን ይዘዋት መጡ። የሠራሁላትን ጫማ አድርጋለች። ሰውነቷ ሟሙቶ የሆስፒታሉ ሹራብ ትከሻዋ ላይ አልቆም ብሏል።

ዳኛዋ ድምፅዋን አለዝባ «ልጄ፣ ለምን እዚህ እንደመጣሽ ታውቂያለሽ?» አለቻት።

ሚጡ ቀና ብላ ቆመች። ትምህርት ቤት መልስ ስትመልስ እንደምትቆመው ነበር አቋቋሟ። «አዎ፣ አውቃለሁ» አለች። «ሶፋዎቹን የቀደድኩት እኔ ነኝ። ጋሼ አልቀደደም። ጋሽ ጫማም አላየም። ብቻዬን ነኝ።»

ዳኛዋ መነጽሯን አወለቀች። ማንም እንዳልከሰሳት፣ እዚህ የመጣችው እንዲያክሟት መሆኑን አስረዳቻት። ሚጡ ግን አንገቷን እየነቀነቀች ሰማቻትና ሌላም ጥፋት ቆጠረች፤ ትራስ ውስጥ ያሉትን ማውጣት እንዳልቻለች፣ ከእነሱ አንዱ ሕፃን እንደነበረ፣ ለሱ ደግሞ ከዚህ የበለጠ መቀጣት እንዳለባት። ነርሷ እጇን ይዛ አስቀመጠቻት። ስፖንጅ ከአጠገቤ ሁለት እጁን ጉልበቱ መሃል ቆልፎ ያነባ ነበር፤ ድምፅ አያሰማም፣ አግዳሚው ወንበር ብቻ ከሥራችን ይንቀጠቀጣል።

ከዚህ በኋላ ዳኛዋ ታዝዝልናለች ብዬ ነበር። እሷም የፈለገች ይመስለኛል። ሕጉን ግን ገልጣ አነበበችልን፦ አካለ መጠን ያላደረሰ ልጅ መኖሪያው የሚያሳድጉት ሰዎች መኖሪያ ነው፤ ሆስፒታል መተኛት መኖሪያ አይቀይርም፤ ስለዚህ የሞግዚትነቱ ጉዳይ የዚህ ፍርድ ቤት አይደለም። ሞግዚት ሳይታወቅ ደግሞ የሕክምናው ጥያቄ ብቻውን ሊቀርብላት አይችልም። ሐኪሟ ተነስታ በሽታው ቀጠሮ እንደማይጠብቅ ተናገረች፣ ቢያንስ ባለችበት እንድትቆይ ጊዜያዊ ትእዛዝ ለመነች። ዳኛዋ ሥልጣን በሌላት ጉዳይ ላይ ጊዜያዊውንም ልትሰጥ እንደማትችል ተናግራ፣ የትኛው ፍርድ ቤት ሊያየው እንደሚገባ እንዲወስን መዝገቡን ለበላይ ፍርድ ቤት እንደምትልክ አስታወቀች።

በአውቶቡስ ስንመለስ፣ ከተማችን ልንገባ ስንል፣ ስፖንጅ «አንዱ አልጋዋን ያያል፣ አንዱ ቤቷን ያያል» አለ። «እሷን ማን ሊያያት ነው?»

ከዚያ በኋላ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነ። መዝገቡ በላይ ፍርድ ቤት ደርሷል ይሉታል፤ ሲሄድ አልደረሰም። ሲመለስ ደርሷል። እግሩ ቀጠነ። የሚሠራቸው ሶፋዎች ጀርባቸው ሳይዘጋ ይቆሙ ጀመር፤ መርፌውን ክር ያስገባና የመጨረሻው ስፌት ላይ ሲደርስ እጁ እምቢ ይለዋል። «ሳታያቸው ነው አይደል» ያለችው ጆሮዬ ላይ ቀረ አለኝ። ደንበኞች ተቆጡ፣ አንዳንዶቹ እንጨቱን ብቻ ጭነው ሄዱ። ባለቤቱ ደብተር መሸጡን ትታ ሆስፒታሉ በር ላይ የምትውልበት ቀን በዛ።

ሆስፒታሉ በበኩሉ ሊፈርም የሚችል ሰው ሲያፈላልግ አባትየውን አገኘው። ማንም በክፋት አላደረገውም። ስልክ ደወሉለት፣ ልጅህ ታማለች ፈርምልን አሉት። መጣ። ግን ሊፈርም አልነበረም የመጣው።

ስፖንጅ የዚያን ቀን የደረሰው ሊወጡ ሲሉ ነው። አባትየው ትልቅ ሰውነት ያለው፣ ከመሪ ጋር እድሜውን የጨረሰ ሰው ነው፤ ጎንበስ ብሎ የሚሄደው ሰው ፊት እንዳይታይ ይመስላል። ልጄን እብድ አሰኝታችሁ አታስቀሯትም፣ ነገ ማን ያገባታል፣ ማን ሥራ ይሰጣታል አለ። ሐኪሟ መውጣት እንደሌለባት ደጋግማ ነገረችው፤ መድኃኒቱን በእጁ ሰጥታ እንዴት እንደሚሰጣት አስረዳችው፤ በራሴ ኃላፊነት ብሎ ፈረመ። በሕግ ያለው መብት የሱ ነው። ስፖንጅ በሩ ላይ ቆሞ ለመነው። የእህቴን አፈር አስብ አለው። አባትየው ፊቱን አዞረ።

ሚጡ መሃላቸው ቆማ አንዱን ታያለች፣ ሌላውን ታያለች። ከዚያ ወደ አጎቷ ጠጋ ብላ «ጋሼ፣ ተፈታሁ?» አለችው።

አዎ ቢል ውሸት፣ አይደለም ቢል ደግሞ እዚያው ትጮሃለች። «ከአባትሽ ጋር ነው የምትሄጂው» ብቻ አለ። የመኪናው በር ሲዘጋ እጁ እንደ ተንጠለጠለ ቀረ።

የበላይ ፍርድ ቤቱ ውሳኔ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ልጅቷ ሆስፒታሉ ውስጥ እስካለች ድረስ የሕክምናዋ ጉዳይ ሆስፒታሉ ባለበት ከተማ እንዲታይ፣ ሞግዚትነቱ በእኛ ከተማ እንዲታይ፣ አንዱ ሌላውን መጠበቅ እንደሌለበት ይላል። መልካም ውሳኔ ነው። ስፖንጅ ይዞት ወደ ዳኛዋ ሮጠ። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ አንብቦት ልጅቷ አሁን ሆስፒታል አለች ወይ ብሎ ጠየቀው። የለችም። እንግዲያው ይሄ ፍርድ ቤት የሚያዘው አልጋ የለም አለው። አባቷ ቤት ካለች የአባቷ ከተማ ፍርድ ቤት ነው የሚመለከተው፤ ያም ክስ ሌላ ነው፣ በአባት ላይ የሚቀርብ። ስፖንጅ ወደዚያም ሄዶ አመለከተ። ፍርድ ቤቱ ለእረፍት ሊዘጋ ስለነበር ቀጠሮው ሩቅ ሆነ። በግድግዳው በኩል ሲነግረኝ ድምፁ ሰልሎ ነበር፦ «ባነሷት ቁጥር ፍርድ ቤቱም አብሮ ይነሳል። ባለችበት ደርሼባት አላውቅም።»

ቀጠሮውን አልጠበቀም። ባለቤቱን ይዞ የአባትየው ቤት ሄደ።

በሩን የከፈተችው የአባትየው ሚስት ናት። እንጣላለን ብለው ተዘጋጅተው ነበር፤ ሴትየዋ ግን ሲያዩዋት ፊቷ ላይ የነበረው እፎይታ ነው። ገፍታ አስገባቻቸው። አባትየው ሥራ ካቆመ ሰንብቷል። ክንዱ በጥርስ ተነክሶ ተጠቅልሏል። መድኃኒቱን መጀመሪያ ሰጥቷት ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ስትተኛ ሲያይ ገደልኳት ብሎ አቆመው። ከዚያ ልጅቷ ሁለት ጊዜ ወደ አውራ ጎዳናው ወጣች። ሁለተኛው ላይ የሥራ ባልደረባው ነው ፍሬን ይዞ ያተረፋት። ከዚያ በኋላ የጓዳውን በር ቆለፈባት።

ጓዳው የቤቱ ዕቃ ማጠራቀሚያ ነበር። ፍራሹ ተቀዶ ጥጡ ወጥቷል። ሚጡ ጸጉሯን በእጇ ስለምትነቅል ራሷ እዚህም እዚያም ሳስቷል፤ ግድግዳውን እያየች ተቀምጣለች። የአጎቷ ባለቤት ስሟን ስትጠራ አልዞረችም። አጠገቧ ተቀምጣ ጭንቅላቷን ስትዳብስ አልሸሸችም፤ ያንንም እንደ ትልቅ ነገር ቆጠሩት።

አባትየው በሩ ላይ ቆሞ ያይ ነበር። ስፖንጅ ሊሰድበው፣ ሊመታውም አስቦ ነው የሄደው። ሰውየው ግን ግድግዳውን ተደግፎ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«እናቷም መጨረሻ ላይ እንዲህ ነበረች» አለ። «አንተ አታውቅም። ደብቀንሃል። እኔ ያኔ ሸሸሁ። አሁንስ ሰው ካላወቀ ይሻላታል ብዬ ነው።»

ስፖንጅ እህቱ በሌላ በሽታ የሞተች ይመስለው ነበር። ያን ጊዜ የተሰማውን ስጠይቀው፣ ግድግዳው ማዶ መዶሻውን አነሳ። ለአባትየው ያለው ግን «ተነስ፣ መኪናህን አስነሳ» ብቻ ነበር።

በከባድ መኪናው ጋቢና ሆነው ሄዱ፤ አባት መሪው ላይ፣ አጎት በሩ ጋ፣ ሚጡ በአጎቷ ባለቤት ጭን ላይ እንደ ሕፃን ተጠቅልላ። ሆስፒታሉ ሲደርሱ አልጋዋ ተይዟል። ኮሪደሩ ላይ በተዘረጋ ፍራሽ አስተኟት። ይህን ጊዜ አባትየው ፈረመ፣ በኋላም በእኛ ከተማ ዳኛው ፊት ቀርቦ ሞግዚትነቱ ለአጎቷ እንዲሰጥ ተስማማ። መዝገቡ ያለ ብዙ ክርክር አለቀ። ስፖንጅ የሞግዚትነቱን ማስረጃ ሲቀበል ጸሐፊዋ እንኳን ደስ አለህ አለችው፤ እሱ ለደቂቃ ስለምን እንደምታወራ አልገባውም።

ሐኪሟ ጠንካራውን መድኃኒት ጀመረችላት። ድምፆቹ ቀነሱ። ሚጡ ግን በመጀመሪያው ጊዜ ልትመለስ ትችልበት ወደነበረው ቦታ አልተመለሰችም። ሐኪሟ ይህን ስትናገር መሬት መሬት ታይ ነበር አሉ፤ የባከነው ጊዜ ብዙ እንደሆነ፣ ወደፊት ምን ያህል እንደሚመለስ ማወቅ እንደማይቻል ነው የነገረቻቸው። ማንበብ ትታለች። ቀለም ብትጠይቃት ትስታለች። አንዳንድ ቀን አጎቷን ታውቀዋለች፣ አንዳንድ ቀን ከሆስፒታሉ ሠራተኞች አንዱ ይመስላታል።

በቅርቡ አሥራ ስምንት ዓመት ይሞላታል። ማህበራዊ ሠራተኛው ያን ቀን ሞግዚትነቱ እንደሚያበቃ፣ ከዚያ በኋላ ራሷን ችላ መወሰን የማትችል መሆኗን የሚያሳይ ሌላ ማመልከቻ ማቅረብ እንዳለበት ለስፖንጅ ነግሮታል። ስፖንጅ የት ነው የማቀርበው አለው። ሰውየው ጠይቄ እነግርሃለሁ አለ።

ሶፋ መሥራቱን አልተወም፤ ቀነሰ እንጂ። ጀርባቸውን የሚዘጋለት ሌላ ሠራተኛ አስገብቷል። የጉብኝት ቀን ሲሆን በጠዋቱ አውቶቡስ ይሄዳሉ፤ አንዴ እሱ፣ አንዴ ባለቤቱ። ባለፈው ሳምንት ተራው የሱ ነበር። አመሻሹ ላይ ሲመለስ ባለቤቱ እኔ ጋ ተቀምጣ ትጠብቀው ነበር። ሳይቀመጥ፣ ለሚጡ ብርቱካን ልጦ ሲሰጣት ለሁለት ከፍላ ግማሹን መልሳ እንደሰጠችው ነገረን።

«ምን አለች?» አለችው ባለቤቱ።

«ምንም አላለችም።»

ሴትየዋ መዳፏን ጉንጯ ላይ አደረገች። «የሷን ግማሽስ በላችው?»

«በላችው» አለ። እስከ መጨረሻው እንደበላችውም፣ ዘሩን እንደተፋችም ጨምሮ ነገራት፤ እሷም ከመጀመሪያው እንዲጀምርላት ጠየቀችው።